የየሺጥላ የውሰት ጽጌረዳ

ጁባ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ሐበሻ ሁሉ አትክልተኛ ይሆናል። በጋውን ሙሉ በአቧራ ሲያስል፣ የውሃ ቦቴ ሲያሳድድ፣ ከጄኔሬተሩ ጋር ሲሰዳደብ የከረመ ሰው፣ ሚያዝያ ላይ ሁለት ቀን ዘነበልኝ ብሎ በቀለም ቆርቆሮ የተከላትን አንዲት ጽጌረዳ ከቦ ይቀመጣል። ትናንት እንቡጥ ነበረች፣ ዛሬ ፈነዳች ይባላል። ስልክ ይደወላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ልጅ የተወለደ ነው የሚመስላችሁ። እኔ ማንያህልሻል ከካስተም ገበያ ጀርባ ምግብ ቤት ከፍቼ ስንት ዘመን ስኖር፣ ከመሬት የማበቅለው ድስት የሚገባ ነገር ብቻ ነው። በዘይት ቆርቆሮ የጥብስ ቅጠል አለኝ፤ ቃሪያም አለኝ፤ በቃ። አበባ አይበላ፣ አይጠጣ።

ከነዚህ አበባ አምላኪዎች ዋነኞቹ ሦስት ናቸው። አንዷ ራሄል ናት፤ ሆቴል አላት፣ ባል አላት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፣ ሁሉንም ግን የምታስታውሳቸው ጽጌረዳዎቿን አጠጥታ ስትጨርስ ነው። ሁለተኛው ዘካርያስ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሚስት አግባ ሲሉት ገና ነኝ ይላል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አንዲት ቅጠል ከአምስት ወገን ፎቶ ያነሳና ለአገሩ ሁሉ ይልካል። ሦስተኛዋ ጀንነት ናት፤ ባሏ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በጅምላ ዱቄትና ስኳር ያከፋፍላል። እሷ እንኳ ሰው ናት፤ ልቧ የዋህ ነው። ግን እሷም በግማሽ በርሜል የተከለቻትን አንዲት እሾሃም ቦገንቪሊያ ከልጆቿ እኩል ትቆጥራታለች።

የሺጥላ ከነዚህ መሀል አልነበረም። የኔ ወሬ ደግሞ ስለሱ ነው።

የሺጥላ ጁባ የመጣው አገሪቱ ነፃ በወጣች ሰሞን ነው። ሥራው የመጠጥ መጋዘን ነው፤ ከኡጋንዳ የጭነት መኪና ሲመጣ ሳጥን ያስወርዳል፣ ሳጥን ያስጭናል። የሚኖረው እዚያው ከመጋዘኑ ጀርባ በቆርቆሮ በተሠራች አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ግቢው ባዶ ሳጥን ተደርድሮበት ሌላ ነገር አልነበረበትም። ምሳውንም ራቱንም የሚበላው እኔ ጋ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አይሰርቅ፣ አይሳደብ፣ ሰክሮ አይወድቅ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉን ሰው ክፉ ነው ብለህ ትርቀዋለህ። ይሄኛው ሁሉን ነገር በአገሬው ዐረብኛ «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም ብሎ የሚያልፍ፣ ዓለም ቢገለበጥ ችግር የማይታየው፣ ከሰዓት ካርታውን ተጫውቶ፣ ሁለት ቢራውን ጠጥቶ የሚተኛ፣ የተመቸው ሰው ነው።

ይሄ የተመቸው ሰው አዲስ አበባ ሚስት ነበረችው። ናዝራዊት ትባላለች። ባገባት በዓመቱ ጥሏት ወደዚህ መጣ። በየፋሲካው ሽቶና ቀሚስ ይዞ ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ባል ይሆናል፣ ይመለሳል። ለምን አታመጣትም ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጁባ ለሴት አትሆንም፣ ሣር እንኳ የማይበቅልባት አገር ናት ይለኛል። ይሄን የሚለው ሽሮውን ፊቱ ሳስቀምጥለት ነው እኮ። እኔስ ምንድን ነኝ? ወንበር ነኝ? ለሷም በስልክ እንደዚያው ይላታል። እዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚኖር ሐበሻ የለም፣ ያለነው ወንዶች ብቻ ነን፣ ትንሽ ቆዪ ሲላት ሳህን ይዤ ከጎኑ ቆሜ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። በሩ ላይ የጀንነት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል፤ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወንዶች ብቻ ነን ይላል።

ሐቁን አልሸሽግም፤ ጥይት ይጮህ በነበረ ጊዜ ትክክል ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ድስቴን ጥዬ ወደ ኡጋንዳ ሸሽቻለሁ። ነገር ግን ጥይቱ ቆመ፣ ተመለስን፣ በራችንን ከፈትን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። የሺጥላ ብቻ እዚያው ጦርነቱ ውስጥ ቀረ። ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ወንድ ነው፣ ያደርገዋል እል ነበር። የለውም። ሚስት ከመጣች ቤት መከራየት አለ፣ በሰዓት መግባት አለ፣ ካርታው ይቀራል፤ ይሄን ፈርቶ ነው። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ያገባ ሰው ሚስቱን በ«ቆይ» ሲበላት ያየሁት በየሺጥላ ነው።

ናዝራዊትም ቆየች፤ የታመሙ እናቷን ስታስታምም ቆየች። አምና እናቷ አረፉ። ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ ደወለችና ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ ቲኬት ቆርጫለሁ፣ የምመጣውም ለጥየቃ አይደለም፣ ልኖር ነው አለችው። የሺጥላ ስልኩን ዘግቶ እኔ ጋ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ደግሞ በዚያ ድንጋጤ ላይ ምን ብሏታል መሰላችሁ? አበባ እንደምትወድ ያውቃልና፣ እስክትመጪ ግቢውን አበባ በአበባ አድርጌ እጠብቅሻለሁ ብሏታል። ሣር የማይበቅልበት አገር ላይ! ይሄን አንስቼ ስጠይቀው ሳቀ። ያስቃል እንዴ?

እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ መዋዋስ ነውር አይደለም። ሶፋ እንዋዋሳለን፣ መጋረጃ እንዋዋሳለን፣ ብርጭቆና ፍራሽ ከቤት ቤት ይዞራል። እህቴ የመጣች ጊዜ እኔም የራሄል ሶፋ ላይ ነው ያስቀመጥኳት። አበባ የተዋሰ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ወደ ክፍልህ አስገባትና እንዲህ ነው የኖርኩት በላት፣ አብራችሁ ቤት ፈልጉ ብዬ ነገርኩት። ለመጀመሪያው ሰሞን ብቻ ነው እትዬ፣ ልቧ እስኪረጋ ነው አለኝ። ማፊ ሙሽኪላ።

ሦስቱም አዋሱት። ለምን እንዳዋሱት አውቃለሁ፤ ደግነት አይደለም፣ አበባዬ ተለመነ ብሎ መኩራት ነው። ራሄል ጽጌረዳዎቿን ስታስረክብ ሞግዚት ቀጥሮ አገር ጥሎ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሆነችው፤ የጠዋት ፀሐይ እንጂ የከሰዓት አታሳያት፣ ውሃ ቅጠሏ ላይ አታፍስስ፣ ይቺ ሁለት እንቡጥ ይዛለች፣ ብትረግፍ አልለቅህም። ዘካርያስ ሦስት ባልዲ ሙሉ ጂራኒየም ሰጠ፤ ከመስጠቱ በፊት እያንዳንዷን ፎቶ አነሳ። የጀንነትን በርሜል ሦስት ሰው ተሸክሞ ባለ ሦስት እግሩ ሪክሻ ላይ ጫነው። ከዚያ ደፍሮ የኔን የጥብስ ቅጠል ለመነኝ። ደንበኛዬን ጥብስ በምን ላብላው ብዬ አባረርኩት።

ናዝራዊት መጣች። ቀጠን ያለች ዘንካታ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ ጠጉሯ በግራና በቀኝ ሸብቷል፣ አልደበቀችውም። ግቢው ውስጥ ገብታ ያንን ሁሉ ቀይና ቢጫ ስታይ ፊቷ በራ። እየዞረች ቅጠሉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። የሺጥላ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ከኋላዋ ይከተላል። ድንቄም አትክልተኛ። ውሃ ማጠጫውን በየት በኩል እንደሚይዙት የማያውቅ ሰው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረፋድ ረፋድ ላይ ወደ ማዕድ ቤቴ ትመጣ ጀመር። ሽንኩርት ትልጥልኛለች፣ እናወራለን። ወደድኳት። አንድ ቀን ቢላዋውን አስቀመጠችና ለምን እንደቸኮለች ነገረችኝ። «ልጅ ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለችኝ። «አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ዕድልሽ ጠባብ ነው እንጂ አልተዘጋም ብሎኛል። እናቴን ትቼ መምጣት አልቻልኩም፣ እዚህም ጦርነት ነበር፤ ማንንም አላማርርም። የቀረኝን ጊዜ ግን ከባሌ ጋር ልሁን።» እኔም እግዚአብሔር ያውቃል፣ ስንቷ በስተርጅና ወልዳለች አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። በሰው ትዳር መግባት አልወድም።

የሺጥላ ዕቃው እስኪመለስ ድረስ ማንም ለጥየቃ እንዳይመጣ ሦስቱን ለምኗቸው ነበር። ሐበሻን እንኳን ደህና መጣሽ ከማለት ማን ከልክሎ ያውቃል? ነውሩም ይቅር፤ አበባቸውን ሳያዩ ሰንብተዋል። በዚያ ላይ የቅዳሜ ሌሊት ዝናብ ግንቡን እስኪንጥ ወረደ። እሑድ ከሰዓት ዳቦና ስኳር፣ ለስላሳም በሳጥን ይዘው ሦስቱም በአንድነት ከተፍ አሉ። ለስላሳ መጋዘን ውስጥ ለሚኖር ሰው ለስላሳ! እኔንም ናዝራዊት ጠርታኝ እዚያው ነበርኩ።

እንግዲህ እዩልኝ። ራሄል ናዝራዊትን አቅፋ ስትስም ዓይኗ በትከሻዋ ላይ አልፎ ጽጌረዳዋ ላይ ነው። ወንበር ላይ ሳትረጋ ብድግ አለችና ማነው ፀሐይ ላይ ያስቀመጣት እያለች እያጉረመረመች ቆርቆሮዋን ወደ ጥላ ጎተተች፤ ቀጥላ የደረቀ ቅጠል ለቀመች፤ ቀጥላ ቢላዋ ስጡኝ አለች። ዘካርያስ ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ እርጥቡ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ የፈነዳችውን ጂራኒየም ፎቶ ያነሳል። ጀንነት ብቻ ጨዋ ሆና ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ሳጥን የቦገንቪሊያዋን ቅርንጫፍ ተጭኖት ስታይ አልቻለችም፤ ውይ አፈር ልብላልሽ ብላ ሄዳ አላቀቀቻት። የሺጥላ መሀል ላይ ቆሞ ያልበዋል።

ናዝራዊት አንዴ ራሄልን፣ አንዴ ዘካርያስን፣ አንዴ ባሏን አየች። ገባት። እኔ አለቀለት ብዬ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ተውሰህ ነው እንዴ አለችው። እሱ ጭንቅላቱን አከከ። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለህ አለችና፣ ሁላችን ፊት ግንባሩን ሳመችው። በስመ አብ! ይሄ ሰው የሚድንበት መላ አያልቅበትም አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለች ሴት እንዲህ ላለ ሰው የሚሰጥ አምላክ ሥራው አይገባኝም። ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው።

ምስጢሩ ሲወጣ ሁሉም ተፍታታ። ሻይ መጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ባለ አበባዎቹም እንደ ልባቸው ስለ አበባቸው ማውራት ያዙ። አንዷ ስታቆም አንዱ ይቀጥላል፤ የተተከለው ቁራጭ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠ፣ በጋውን እንዴት እንዳለፈ። ናዝራዊትም በደስታ ትሰማለች። ጀንነት እጇን ግንዱ ላይ አሳረፈች፤ የሰው ክንድ ያህላል። ይቺን የተከልኳት ናዕማን አርግዤ ነው፣ ለመውለድ ሳምንት ሲቀረኝ አፈር ስቆፍር ባለቤቴ ተቆጥቶኛል፣ ናዕማ ይኸው ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገባች አለች።

ናዝራዊት ገና ፈገግ እንዳለች ነበረች። እዚሁ ጁባ ነው የወለድሽው አለቻት። ጀንነት ጥያቄው ገረማት፤ ባለቤቴ ያለው እዚህ፣ ሌላ የት እወልዳለሁ አለች። ራሄል ደግሞ ወሬ አታስቀርም፤ የኔም ሁለቱ እዚሁ ነው ያደጉት ብላ ገባችበት። ናዝራዊት ቤተሰብ ብዙ ነው እንዴ እዚህ ስትላት ቆጠራ ጀመረች፤ ሸሪካት ሰፈር ያለችው አራት ልጆች አሏት፣ ከኛ ጀርባ ያሉት መንታ ወልደዋል፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ሞልቶ ልጆቹ ደጅ ነው የሚማሩት፣ የገና ዕለት ብታዪ… እኔ ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ራሄል መች ትሰማለች! የሺጥላ ለስላሳ ልክፈት ብሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ፣ የሺጥላ» አለችው ናዝራዊት። ሌላ ጊዜ የሺ ነበር የምትለው። «ቤተሰብ የለም፣ ወንዶች ብቻ ነን ያልከኝ የት አገር ሆነህ ነው?»

ጦርነት ነበር እኮ ናዚዬ አለ፣ ለሻይ ማንኪያው እንደሚናገር ሰው አንገቱን ደፍቶ።

እሷ ወደ ጀንነት ዞረች። «ጦርነቱ አልፎ ስትመለሱ ናዕማ ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሦስት፣ አራት ቢሆናት ነው» አለች ጀንነት። ካለች በኋላ ነው ያለችው ነገር የገባት፤ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ሰባተኛ ክፍል። ናዝራዊት በልቧ ስታሰላ ሁላችንም አየን። የቀረውን ሻይ አዞረች፣ ዳቦ ብሉ አለች፣ እስከ በር ሸኘቻቸው፣ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ዘካርያስ እንኳ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ነው የወጣው።

በማግስቱ የሺጥላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሳጥኑን ሊያስወርድ ሄደ። ስታኮርፍ ትሰነብትና ያልፍላታል ብሎ ነው። እሷ ሪክሻ ጠርታ አበባውን ለየባለቤቱ መለሰች። እያንዳንዱ ቤት ገብታ ተቀመጠች፣ ልጆቹን አየች፣ ዕድሜያቸውን ጠየቀች አሉ። ጀንነት ጋ ስትደርስ ናዕማ ውሃ ይዛ ቀረበችላት፤ ጠጥታ ብርጭቆውን እንደያዘች ልጅቷን ስታያት ቆየች ብላኛለች ጀንነት፣ እያለቀሰች።

ከዚያ እኔ ጋ መጣች። ልትሰናበተኝ ነው። ሽማግሌ ልላክ፣ ትንሽ ታገሺ ልላት አሰብኩና አፈርኩ፤ ከዚህ በላይ ምን ትታገሥ?

«የምሄደው ለአበባው ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ባዶ ግቢም ቢሆን እኖርበት ነበር። እኔን የሚያቆየኝ ጦርነቱ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ። ጦርነት ቢሆን እችለው ነበር። ጀንነት ሦስት ስትወልድ እኔ ከእናቴ በረንዳ ላይ ስልክ ስጠብቅ ነበር። አሁን አብሬው ብተኛም ከሱ ልጅ መውለድ አልፈልግም፤ ፍላጎቱ ራሱ ጠፋብኝ።»

እኔ እንባዬ ቅርብ አይደለም። ሽንኩርቱን ጥዬ አለቀስኩ። ሐሙስ ዕለት በአውሮፕላን ሄደች።

የሺጥላ ያን ሰሞን ጠፍቶ ሰነበተና እኔ ጋ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሙቀቱ አልስማማ ብሏት ነው ይላል ለሚጠይቀው። ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እሷ በክብር ተቀብላ፣ በክብር ሸኘቻቸው። ከዚያማ ጭራሽ አበባ መትከል ጀመረ! ራሄል እያዘነችለት የጽጌረዳ ቁራጭ ሰጠችው፤ በተሰበረ የቢራ ሳጥን አፈር ሞልቶ ተከለ። ጠዋት ያጠጣል፣ ማታ ያጠጣል። ካርታውን ትቶ ከነዘካርያስ ጋር ስለ ፍግ ያወራል። ስንት ዓመት ለሚስቱ ያልተነሳ ሰው ለጽጌረዳ በማለዳ ይነሳል። ሳየው ደሜ ይፈላል።

መስከረም ሲጠባ አንዷ እንቡጥ ያዘች። ባለፈው ሳምንት የምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በሰው በተሞላበት፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ።

«ፈነዳች፣ እትዬ» አለኝ። «ይቺ የራሴ ናት፣ ከማንም አልተዋስኳትም። ልኬላታለሁ። ለውሰት አበባ ብላ አይደል የሄደችው? ይቺን ስታይ ትመጣለች።»

ሳህኑን አስቀመጥኩ። አየሁት። ስልኩ ላይ አጎንብሶ፣ ደስ ብሎት፣ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ያሳየኛል።

«አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ የሺጥላ» አልኩት።

«የማን?» አለኝ።